ሌዘር ተሰርቼ ፊቴ ድፎ ዳቦ ሆኗል፣ ያለፈበት ካለ በናታችሁ

የኮዬዋ | ህዳር 12፣ ጠዋት 1:15

ሰላም የቤቱ ሰዎች። በአንድ ዓይን ነው የምጽፈው ፊደል ብስት ይቅርታ። ከትናንት ወዲያ ህዳር 10 ከሰዓት ፊቴን ሌዘር ተሰራሁ፣ ፍራክሽናል ሲኦቱ (CO2) የሚባለውን፣ ለብጉር ጠባሳ። ከሃይስኩል ጀምሮ ጉንጬ ላይ የተቆፋፈረ ነገር አለብኝ፣ ታላቅ እህቴ ደግሞ ጥር ላይ ልታገባ ነው፣ ሚዜ ነኝ፣ ለሷ ሰርግ ብዬ ነው ዓመት ሙሉ እቁብ ስጥል የከረምኩት። የተሰራሁ ዕለት ማታ ፀሐይ የመታኝ ይመስል መቅላትና ማቃጠል ብቻ ነበር ቻልኩት። ትናንት ትንሽ አበጠ። ዛሬ ግን ስነሳ ግራ ዓይኔ ጭራሽ አልከፈት አለ፣ ቀኙ በስንጥቅ ነው የሚያየው፣ ግንባሬ ቅንድቤ ላይ ወርዷል፣ በቃ ድፎ ዳቦ። ትንሹ ወንድሜ ቁርስ ሊሰጠኝ ገብቶ አይቶኝ ሳህኑን እንደያዘ ተመልሶ ወጣ።

በዛ ላይ ዛሬ ህዳር ሲታጠን ነው። ብሎካችን ስር ከሌሊት ጀምሮ ቆሻሻ እያቃጠሉ ጭሱ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶልኛል፣ መስኮት ብዘጋ ይታፈናል ብከፍት ፊቴ ይለበለባል። ውሃ ከሄደ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ ጀሪካን ውስጥ ያለችው ብቻ ናት ያለችኝ፣ በሷ ልታጠብ ወይስ ይቅርብኝ? ክሊኒኩ ጋ ስደውል ሪሴፕሽኗ "ኖርማል ነው" ብላ ዘጋችው። ኖርማል እስከ መቼ ነው? የሰጡኝ ወረቀት ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛ አይቸግረኝም ግን በአንድ ዓይን ማን ያነባል።

ጀሞ_ልጅ | ህዳር 12፣ ጠዋት 1:31

እህቴ አይዞሽ። ወንድምሽን ግን ይቅር በይው ሃሃሃ። እኔ አንገቴ ላይ ፂም ስላጭ ለሚወጣብኝ ቡግር የፀጉር ሌዘር ተሰርቼ ነበር ያን ያህል አላበጠብኝም፣ ምናልባት ማሽኑ ይለያያል። የሚያውቅ ይምጣ።

ማሚ_ሰበታ | ህዳር 12፣ ጠዋት 1:50

ልጄ ይሄ ምች ነው። ትኩስ ቆዳሽን ይዘሽ ከቤት ወጥተሽ ፀሐይ አግኝቶሻል፣ ንፋስም ነው። ዳማከሴ በእጅሽ አሽተሽ ጭማቂውን ፊትሽን ቀቢው፣ ትንሽ በሻይ ጠጪው፣ ተሸፋፍነሽ አልቢ። ማታ ለጋ ቅቤ። በሦስት ቀን ይጠፋል በማርያም።

ቡራዩ_ሚጢጢ | ህዳር 12፣ ጠዋት 1:58

ኧረ ማሚ በፈጠረዎት እንዳትቀባ!!! ቆዳዋ እኮ ክፍት ነው

ነርሷ_ለገጣፎ | ህዳር 12፣ ጠዋት 2:40

የኮዬዋ የኔ ቆንጆ መጀመሪያ ተረጋጊ፣ የነገርሽን ሁሉ ሳየው እስካሁን ያለው የሚጠበቀው ነው። ቁስል ክፍል ነው የምሰራው፣ ከቃጠሎም ከሌዘርም የመጣ ፊት ብዙ አይቻለሁ፣ ግን ሐኪምሽን አልተካም እሺ።

ሪሴፕሽኗ "ኖርማል" ብላ የዘጋችብሽን ልዘርዝርልሽ። ሲኦቱ ሌዘር ቆዳ ውስጥ ያለውን ውሃ ነው የሚያፈላው፣ ፍራክሽናል ሲሆን ደግሞ ፊትሽን ሙሉ አይልጠውም፣ በወንፊት ቀዳዳ ልክ ነጥብ ነጥብ አድርጎ እየበሳ በመሃል ጤነኛ ቆዳ ይተዋል፣ የሚድነውም ከዛ ጤነኛው እየተነሳ ነው። ሰውነት ግን ይሄን አያውቅም፣ ተቃጠልኩ ብሎ ፈሳሽ ወደዛ ይልካል። እብጠቱ በሰዓታት ይጀምርና ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሦስተኛ ቀን ላይ ነው ጣሪያ የሚነካው። አንቺ አሁን ልክ እዛ ነሽ። ከዛ መውረድ ይጀምራል፣ ባብዛኛው ሳምንት ሳይሞላ ይሄዳል። የዓይን ቆብ ስስ ስለሆነ ፈሳሹ እዛ ይጠራቀማል፣ ጠዋት የሚብሰውም ሌሊት ተጋድመሽ ስላደርሽ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሁለት ሦስት ትራስ ደራርበሽ በጀርባሽ ተኚ፣ በሆድ መተኛት የለም፣ በጎንም የለም። ቀንም ሶፋ ላይ ቀና ብለሽ ተቀመጪ፣ ወደ ከሰዓት ዓይንሽ ትንሽ ሲከፈት ታይዋለሽ።

ቅዝቃዜ ይረዳል ግን በረዶ በቀጥታ እንዳታስነኪው፣ የደነዘዘ ቆዳ በበረዶ ሲቃጠል አይታወቀውም። ፍሪጅ ካለሽ ንጹህ ጎዝ በቀዝቃዛ ኖርማል ሳላይን አርጥበሽ አስር ደቂቃ ያህል ፊትሽ ላይ አኑሪው፣ አንስተሽ አሳርፊው፣ ደግሞ ድገሚው። ሳትጫኚ። ሳላይን ያልኩሽ ያው ጉልኮስ የሚሰቀልበት አይነት ላስቲክ ነው፣ ፋርማሲ 0.9 ፐርሰንት ሶዲየም ክሎራይድ ብለሽ ጠይቂ፣ ስኳር ያለበትን ጉልኮስ እንዳይሰጡሽ ብቻ አይተሽ ግዢ። የጀሪካኑ ውሃ ጥያቄሽም በዚሁ ተመለሰ፣ አምስት ቀን የቆመ ውሃ ክፍት ቆዳ ላይ አይነካም፣ ሳላይኑ ካለቀብሽ አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ ተጠቀሚ። እጅሽን ግን በሳሙና ሳትታጠቢ ፊትሽን እንዳትነኪ፣ የጀሪካኑ ውሃ ለእጅ ይሁን።

ካጠብሽው በኋላ ስስ ቫዝሊን። አዲስ ግዢ፣ ቤት ውስጥ ሁሉም ጣቱን የከተተበትን አይደለም። ሽታ የሌለው ነጩን። ቆዳው እንዳይደርቅ ቀኑን ሙሉ እየደጋገምሽ፣ ደርቆ ሲሰነጠቅ ነው ቅርፊትም ጠባሳም የሚመጣው። ከምግብ ጨው ቀንሺ፣ ምጣድ ዳር እንዳትቆሚ፣ የቡና ከሰልና እጣን ለሳምንት ይቅር፣ ሙቀት ያበጠን ፊት ያባብሳል። ጭሱን በተመለከተ የጭሱ አቅጣጫ ያለውን መስኮት ዝጊና በሌላው በኩል ያለውን ክፈቺ፣ ማታ አካባቢ መጥፋቱ አይቀርም።

ማሚ እርስዎ በፍቅር እንዳሉት አውቃለሁ፣ ዳማከሴውን ግን ለጊዜው እናቆየው፣ የተበሳ ቆዳ ላይ ቅጠልም ቅቤም ተህዋስ ይዞ ይገባል።

አቦ_ተዉኝ | ህዳር 12፣ ጠዋት 3:05

እግዜር የሰጠሽን ፊት ከፍለሽ ታስቃጥያለሽ ከዛ እርዱኝ። ዘመኑ

ጀሞ_ልጅ | ህዳር 12፣ ጠዋት 3:07

አቦ ተወና

የኮዬዋ | ህዳር 12፣ ምሽት 1:30

ነርሷ እግዚአብሔር ይስጥሽ በውነት። ወንድሜ ሁለት ፋርማሲ ዞሮ ሳላይኑን አመጣልኝ። መብራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልነበረም ስለዚህ ፍሪጅ የለም፣ ያደረግኩት በሀይላንድ ውሃ ሞልቼ ጥላ ያለበት በረንዳ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፣ የሳላይኑን ላስቲክ ከሱ ጋር። ፍሪጅ ባይሆንም ይቀዘቅዛል። ከሰዓት ላይ የግራ ዓይኔ እንዳኮረፈ ሰው ትንሽ ተከፈተ፣ ቢያንስ ስልኬን አያለሁ። ቅንድቤ አካባቢ ስጫነው ጣቴ ይሰረጉዳል፣ ይሄስ?

ነርሷ_ለገጣፎ | ህዳር 12፣ ምሽት 1:44

አትጫኚው ነው መልሱ 😄 ፈሳሽ ስለሆነ ነው የሚሰረጉደው። የበረንዳው ዘዴ ጎበዝ። ካመመሽ ፓራሲታሞል ውሰጂ።

አድሚን | ህዳር 12፣ ምሽት 2:10

"በ7 ቀን ቆዳ የሚያጠራ ክሬም በኢንቦክስ" ብሎ የለጠፈ ሰው ተሰርዟል። ሁለተኛ ከመጣ ይታገዳል።

ቡራዩ_ሚጢጢ | ህዳር 12፣ ምሽት 3:25

አድሚን እጅህን ይባርከው፣ እኔን የጨረሰኝ እንደዛ አይነት ነገር ነው። ልንገራችሁ እስቲ እንቅልፍም አልመጣ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለማዲያት ብዬ ሌዘር ተሰራሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። እንደ አንቺው አበጠ፣ ሰፈሬ ያለ መድኃኒት ቤት ሄድኩ፣ ልጁ አየኝና "አለርጂ ነው" ብሎ አንድ ቲዩብ ሰጠኝ። ቀባሁት፣ ወላሂ በአንድ ቀን ቀልጦ ጠፋ፣ ልጁን መረቅኩት። ሲያልቅ ደግሜ ገዛሁ፣ ሲጠፋ ፊቴ ስለሚቀላ እንደገና፣ ሦስት ወር። ቤታሜታዞን ነበር፣ ጠንካራ ስቴሮይድ። ቆዳዬ ከስሱ የተነሳ የደም ስሮቼ ይታዩ ጀመር፣ ብጉር የሚባል ነገር የማላውቅ ሰው ፊቴ በብጉር ተሞላ፣ ሳቆመው ደግሞ እሳት። ማዲያቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ብሶ ነው የተመለሰው፣ ጥቁር ጭምብል በሉት። በመጨረሻ አለርት ሆስፒታል ሄድኩ፣ ዘነበወርቅ ያለው፣ በጠዋት ወረፋ ይዤ። ሐኪሟ የቲዩቡን ባዶ ልጣጭ አይታ "ይሄን ይዘሽ ስትመጪ ስንተኛዋ ነሽ ዛሬ" ብላ ተነፈሰች። ሐኪም ለአጭር ቀን ካዘዘው ሌላ ነገር ነው፣ በራሳችሁ ግን አትጀምሩት። እብጠት ሲጠፋ ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ማሚ_ሰበታ | ህዳር 13፣ ጠዋት 12:40

የኔ ልጅ አይዞሽ አንቺም። እኔ ምች ነው ያልኩት ሳላውቅ አይደለም፣ እኔ ራሴ የታመምኩ ጊዜ ከንፈሬ ላይ ይወጣብኛል። የኮዬዋ ልጄ አንቺ ምች ያገኝሽ ነበር ከዚህ በፊት?

የኮዬዋ | ህዳር 13፣ ጠዋት 2:00

አዎ ማሚ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ወይ ፈተና ሲደርስ አፌ ጠርዝ ላይ ይወጣ ነበር፣ ያው ሁሉም ሰው እንደሚወጣበት። አሁን ግን እብጠት ብቻ ነው።

(ማሚ የጻፉትን ነርሷ ያን ቀን አላየችውም፣ ዲዩቲ ላይ ነበረች፣ ይሄን የጨመርኩት በኋላ ነው)

የኮዬዋ | ህዳር 14፣ ከሰዓት 10:20

አራተኛ ቀን። እብጠቱ ግማሽ ወረደ! አሁን ፊቴ በሙሉ ደረቅ ቡናማ ሆኖ ሲነኩት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ በሳላይን ሳረጥበው ጎዙ ላይ የጀበና አተላ የመሰለ ደቃቅ ነገር ይቀራል። ያሳክካል ጉድ ነው የሚያሳክከው።

ፋርማሲስቱ_አያት | ህዳር 14፣ ከሰዓት 11:02

ያ አተላ ሌዘሩ የበሳቸው ቦታዎች የሞተ ቆዳ ነው፣ ወደ ላይ እየተገፋ ነው። ራሱ ይርገፍ፣ በጥፍር ወይ በፎጣ ከፈገፈግሽው ያልበሰለውን ትነቅይና የኛ ቆዳ ላይ ጥቁር ምልክት ይቀራል። ለማሳከኩ ሴትሪዚን ማታ ማታ መውሰድ ይቻላል፣ ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ወይ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን መጀመሪያ ጠይቂ። ለረገፈው ቦታ አንዳንድ ሐኪሞች የአቸቶ ውሃ ያዝዛሉ፣ ነጩን አቸቶ በጣም አቅጥነው፣ አንቺ ግን ሐኪምሽ ካላለ በሳላይኑ ቀጥዪ። አንቲባዮቲክ ቅባት ብሎ ኒዮማይሲን ያለበትን የሚሰጥሽ ካለ ተይው፣ ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል፣ ከዛ ይሄ ሁሉ እብጠት እንደገና።

ጀሞ_ልጅ | ህዳር 14፣ ምሽት 12:15

ቆይ እኔ የተሰራሁት ለምን እንዲህ አላረገኝም? ሰው ሁሉ አንድ ሌዘር አይደለም እንዴ የሚለው

ፋርማሲስቱ_አያት | ህዳር 14፣ ምሽት 12:40

አይደለም ወንድሜ። ያንተ ለፀጉር ከሆነና የሚያውቅ ሰው ከሰራህ ኤንዲያግ የሚባለው ይሆናል፣ ሞገዱ 1064 ናኖሜትር ነው፣ የቆዳን ጥቁር ቀለም ብዙም ሳይነካ ጠልቆ ወደ ፀጉሩ ስር ይደርሳል፣ ለኛ አይነት ቆዳ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። የሷ ሲኦቱ 10600 ነው፣ ውሃን ነው የሚይዘው፣ ቆዳ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ያንተ የላይኛውን ቆዳ አልፎ ይሄዳል፣ የሷ ላዩን ነው የሚበሳው። ሐኪሞች ቆዳን ከ1 እስከ 6 የሚከፍሉበት ፊትዝፓትሪክ የሚባል መለኪያ አለ፣ እኛ አብዛኞቻችን ከ4 እስከ 6 ነን። ማሽኑን ከመጠየቅ በፊት "በእንደኔ ቆዳ ላይ ሰርተሃል ወይ" ብሎ መጠየቅ ነው።

የኮዬዋ | ህዳር 15፣ ሌሊት 10:10

ሰዎች የነቃ አለ? ከሌሊቱ ጀምሮ የአፌ ቀኝ ጠርዝ አካባቢ ይለበልበኛል፣ የማሳከክ አይደለም፣ መርፌ መርፌ ይላል። በስልክ መብራት ሳየው ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች አንድ ላይ ተሰብስበው ወጥተዋል፣ እንደ ጤፍ ፍሬ፣ አስር ምናምን። ወደ ጉንጬም ሁለት ሦስት። ትናንት ቀሎኝ ነበር እኮ። አሁን ውሃ ልጠጣ ብል አፌን መክፈት አቃተኝ። ትኩሳትም ያለኝ ይመስለኛል።

ነርሷ_ለገጣፎ | ህዳር 15፣ ጠዋት 12:20

አሁን ከዲዩቲ ወጥቼ አየሁት። የማሚንም ጥያቄ ያንቺንም መልስ ገና አሁን ነው ያነበብኩት፣ ባየው ኖሮ ያኔውኑ እነግርሽ ነበር።

የኮዬዋ ስሚኝ፣ ይሄ ከእንግዲህ ትራስና ሳላይን የሚፈታው አይደለም። ዛሬ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም ማየት አለበት። ምች ምች ስንል የምንውለው ያ አፍ ላይ የሚወጣው ነገር ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። በጤነኛ ቆዳ ላይ ከንፈር ጠርዝ ላይ ወጥቶ በሳምንት ይጠፋል። ሌዘር የተሰራ ፊት ላይ ግን አጥሩ ፈርሷል፣ ከንፈር ላይ መቆሙ ቀርቶ በፊት ሁሉ ሊሰራጭ ይችላል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል፣ ዓይን ከነካማ ሌላ ጣጣ ነው። ሌዘሩ ራሱ ቫይረሱን ይቀሰቅሰዋል። ቀድሞ ቢታወቅ አሳይክሎቪር ወይ ቫላሳይክሎቪር የሚባለውን የቫይረስ መድኃኒት ከመሰራትሽ በፊት ጀምረሽ ቆዳሽ እስኪዘጋ ትወስጂ ነበር። አላዘዙልሽም?

ለጊዜው ያን ቦታ የነካ ጎዝ ሌላ ቦታ እንዳይነካ፣ እጅሽ ወደ ዓይንሽ እንዳይሄድ። ማንም እንዳይስምሽ። ክሊኒኩ ካላነሳ ወደየትኛውም የቆዳ ሐኪም ያለበት ሂጂ፣ በር ላይ "ሌዘር ተሰርቼ አምስተኛ ቀኔ ነው ውሃ የቋጠረ ወጣብኝ" በይ፣ ወረፋ አያስጠብቁሽም።

ማሚ_ሰበታ | ህዳር 15፣ ጠዋት 12:35

እኔ ብያለሁ። ብያለሁ እኮ

ቡራዩ_ሚጢጢ | ህዳር 15፣ ጠዋት 12:41

ማሚ ይቅርታ 🙏 ጮኼብዎት ነበር

ማሚ_ሰበታ | ህዳር 15፣ ጠዋት 12:50

ዳማከሴውን ባትቀባ ደግ አደረገች አንቺም ደግ አደረግሽ። ስሙን ነው ያወቅኩት እኔ መድኃኒቱን አይደለም።

የኮዬዋ | ህዳር 15፣ ምሽት 2:30

ሄጄ መጣሁ። ኮዬ ወደ ከተማ ስትወጣ ያለውን ወረፋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ሚኒባስ ውስጥ ስቀመጥ አጠገቤ ያሉት እናት አማተቡ። ሌላ ቦታ ነው የታየሁት፣ የሰራኝ ክሊኒክ "ሐኪሙ ማክሰኞ ነው የሚገባው" አለኝ።

ሐኪሙ ገና በር ላይ ሲያየኝ ነው ያወቀው። የመጀመሪያ ጥያቄው "ምች ይወጣብሽ ነበር?" ነው። አዎ አልኩት። "ታዲያ ለሰሩሽ ሰዎች ለምን አልነገርሽም?" አለኝ። እኔ አልተጠየቅኩም አልኩት። ቤት ስመለስ ያን ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣሁ፣ የፈረምኩበትን ማለቴ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ተጠይቄያለሁ። የሄርፐስ ታሪክ አለሽ ወይ ይላል በእንግሊዝኛ፣ ሳጥን አለ፣ እኔ በራሴ እጅ "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን ቃል ሳየው ያሰብኩት ሌላ በሽታ ነው፣ በግንኙነት የሚመጣውን፣ ሪሴፕሽኗ ፊት ለፊቴ ቆማ ስታይ እንኳን ታሪክ ላስብ ቶሎ "የለም" ብዬ አለፍኩት። ምች መሆኑን ማን ነግሮኝ።

መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ዓይኔን በመብራት አይቶ ነጻ ነው አለኝ ተመስገን።

ነርሷ_ለገጣፎ | ህዳር 15፣ ምሽት 2:55

ተመስገን። ማፈር የለብሽም፣ አፍ ላይ የሚወጣው አይነት አብዛኛው ሰው ልጅ ሆኖ በመሳሳም በጋራ ብርጭቆ የሚይዘው ነው፣ በዓለም ላይ ከ50 ዓመት በታች ካለው ሰው ከግማሽ በላይ ተሸክሞታል። የብዙው ሰው ምንም ሳያሳይ ተኝቶ ይኖራል፣ ፀሐይ ትኩሳት ጭንቀት ሲያገኘው ይነሳል። እናቶቻችን ፀሐይ መታኝ የሚሉት ከሜዳ ተነስተው አይደለም፣ ፀሐይ እውነትም ይቀሰቅሰዋል።

እኛ ክፍል ውስጥ ከነገ ጀምሮ ጥያቄውን በአማርኛም በኦሮምኛም ጮክ ብዬ ነው የምጠይቀው።

የኮዬዋ | ህዳር 21፣ ጠዋት 4:00

የቋጠረው ደርቋል። እብጠት የለም። ቆዳዬ ሮዝ ነው ሕፃን ይመስላል፣ ከትናንት ወዲያ ሥራ ጀመርኩ። ሐኪሙ ቆዳው ስለተዘጋ አሁን ሰንስክሪን ጀምሪ ብሎኛል፣ ከዛ በፊት ክፍት ቆዳ ላይ እንዳታደርጊ ነበር ያለኝ።

ፋርማሲስቱ_አያት | ህዳር 21፣ ጠዋት 4:30

ይሄ ነው ከእብጠቱ የሚከብደው ክፍል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ 10 ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል፣ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም አትበሉ። ስስ ደመናም ብዙውን ያሳልፋል። ኤስፒኤፍ 50፣ ቢቻል ቀለም ያለው ማለትም አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ምክንያቱም የኛን ቆዳ የሚታየው ብርሃን ራሱ ያጠቁረዋል፣ ነጩ ሰንስክሪን ያንን አያስቆምም። በየሁለት ሰዓቱ መድገም። ዣንጥላም ያዢ፣ ሰው ቢስቅ ይሳቅ።

የኮዬዋ | ታህሳስ 9፣ ምሽት 1:00

ሰላም ጠፋሁ። አራት ሳምንት አለፈ። ጥሩ ዜና፣ የምቹ ቦታ ጠባሳ አልተወም። መጥፎ ዜና፣ ጉንጬ ላይ ጥቁር ጥላ መጥቷል፣ የሚገርመው ቀኙ ላይ ብቻ ነው። ሐኪሙ ጋ ስሄድ "ሥራ በምን ነው የምትሄጂው" አለኝ። ሚኒባስ አልኩት። "የት ነው የምትቀመጪው?" ጋቢና። ጋቢና እወዳለሁ አይጋፉኝም፣ ጠዋት ከኮዬ ስንወጣ ፀሐዩ በቀኝ በኩል መስኮቱን አልፎ እዛው ጉንጬ ላይ ነው የሚያርፈው ሙሉ መንገዱን፣ መስታወት አለ ብዬ ነበር። የበሩ መስታወት ሁሉንም ጨረር አይከለክልም አለኝ፣ የሚያጠቁረው አይነት ያልፋል። አዜላይክ አሲድ አዘዘልኝ፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል ግን ይለቃል አለ። አሁን ከኋላ በግራ ነው የምቀመጠው ከሁለት ጆንያ ሽንኩርት ጋር።

ጀሞ_ልጅ | ታህሳስ 9፣ ምሽት 1:12

ለጋቢና የምጋደልባቸው ዓመታት 😭 ቀኝ ጉንጬን አሁን ሄጄ አየሁት

ቡራዩ_ሚጢጢ | ታህሳስ 9፣ ምሽት 1:20

የኮዬዋ ክሬም ልግዛ እንዳትዪ ብቻ። ያዘዘልሽን ተጠቀሚ ጠብቂ። የኔ ዓመት ፈጅቶ ነው የለቀቀው ግን ለቀቀ።

የኮዬዋ | ጥር 20፣ ምሽት 3:00

ሰርጉ አለፈ! ጥላው አልጠፋም ግን ፋውንዴሽን ሸፈነው፣ ፎቶ አንሺው ምንም አላለም፣ እህቴ አለቀሰች እኔም አለቀስኩ። ጠባሳው ጠፋ ወይ ለምትሉኝ፣ አልጠፋም፣ ጠርዙ ለስልሷል፣ መስታወት ፊት በጎን ስቆም የነበረው ጥላ ቀንሷል። ቆዳ ውስጡን ለወራት መሥራቱን ይቀጥላል ስላሉኝ እየጠበቅኩ ነው። ማሚ ቢያዩኝ ደስ ይልዎት ነበር።

ማሚ_ሰበታ | ጥር 20፣ ምሽት 3:15

እልልልል። ልጄ ሁለተኛ ትሰሪያለሽ እንዴ?

የኮዬዋ | ጥር 20፣ ምሽት 3:22

ክረምት ሲገባ ምናልባት። ሌላ ቦታ ቀጠሮ ልይዝ ሄጄ ፎርም ሰጡኝ፣ ያው እንግሊዝኛ። ሳጥኑ ላይ "አለ" ብዬ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ምች ብዬ ጻፍኩበት። ሪሴፕሽኗ አይታ "ይሄ ምንድነው?" አለችኝ፣ ሐኪሙ ያውቀዋል አልኳት።

ለቡ_አዲስ | ጥር 20፣ ምሽት 4:05

ሰላም አዲስ ነኝ፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤ ነው የመጣሁት። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ሲኦቱ ቀጠሮ አለኝ፣ ከፍያለሁ አይመለስም ብለውኛል። ከትናንት ጀምሮ የላይኛው ከንፈሬ ጥግ መርፌ መርፌ ይለኛል። ምንም አልወጣም ግን። ልሂድ አይደል?

ነርሷ_ለገጣፎ | ጥር 20፣ ምሽት 4:08

አትሰሪም። ነገ በሩን እንደከፈቱ ደውይና ቀጠሮው ይዛወርልኝ በይ፣ ምክንያቱን ሲጠይቁሽ ምች በይ፣ ካልገባቸው ሄርፐስ በይ። ከዛ ሐኪም ይይሽ።

ለቡ_አዲስ | ጥር 20፣ ምሽት 4:10

ብሩስ?

ነርሷ_ለገጣፎ | ጥር 20፣ ምሽት 4:11

ከላይ የህዳር 15ን እንደገና አንብቢው።